አንድ ሱሪ፣ ሁለት ግራ እግር

(አዲስ የልብስ ስፌት መኪና ለሚረከቡ አባላት በማኅበራችን የወር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



የኮሚቴያችን ጸሐፊ ስለ ቢጃማ ሱሪ አሰፋፍ እንድናገር ስትጠይቀኝ፣ «እኔ ንግግር አይሆንልኝም፤ መኪናዬን አምጥቼ እየሰፋሁ ላሳያቸው» ብያት ነበር። «መኪናሽን ማን ይሸከምልሻል? አፍሽን ይዘሽ ነይ» አለችኝ። ስለዚህ አፌንና ሦስት ሱሪ ይዤ መጥቻለሁ። ሱሪዎቹን ከእጅ ወደ እጅ እያዞራችሁ እዩልኝ። ገልብጣችሁ ስፌቱን ተመልከቱ፣ ላስቲኩን ሳቡት፣ አትፈሩ። ካሬ ካሬ ያለው ቀዩ ሱሪ ሁለት ግራ እግር ነው ያለው። ሳቁ ግድ የለም፤ የሰፋሁት እኔው ነኝ። ወደ እሱ እመለሳለሁ።

እኔ ልብስ ሰፊ አልነበርኩም። ስፌት የጀመርኩት እናቴ ስትታመም ነው። ከአምስት ዓመት በፊት አንድ ጠዋት ግራ ጎኗን ያዛት። ከሐኪም ቤት ይዣት ስወጣ ነርሷ በየሁለት ሰዓቱ እንዳገላብጣት፣ አለዚያ ጀርባዋና ዳሌዋ እንደሚቆስል ነገረችኝ። ደብረ ብርሃን ደግሞ የምታውቁት ነው፤ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነን፣ ከጥቅምት ጀምሮ ሌሊቱ ውርጭ ነው። እናቴን ባገላበጥኩ ቁጥር ቀሚሷ ወደ ላይ ይሰበሰባል፣ ጋቢው ይንሸራተታል፣ እግሯ ባዶውን ይቀራል። በሌሊት ሦስት ጊዜ ተነሥቼ እግሯን ስነካው እንደ ድንጋይ ቀዝቅዞ አገኘዋለሁ። ካልሲ ጉልበት አይደርስም። ሁለት ጋቢ ስደርብባት ደግሞ ክብደቱ የማይንቀሳቀሰውን እግሯን ተጫነው።

አንድ ዘመዳችን ሰልባጅ ሱሪ ገዝቶ አመጣልን። ያየነው ጊዜ ደስ አለን፣ ወፍራምና ንጹሕ ነበር። በሁለተኛው ቀን ሳገላብጣት ግን ዳሌዋ ላይ የአንድ ብር ሳንቲም የምታህል ቀይ ምልክት አየሁ። የኋላ ኪሱ ቁልፍ ነው። እናንተና እኔ ቁልፍ ላይ ብንቀመጥ ተነሥተን እንስተካከላለን። እሷ መነሣት አትችልም፣ ያ ጎኗ ሕመሙንም በደንብ አይነግራትም። ቁልፉን ቆረጥኩት፤ ከሥሩ ያለው ወፍራም ስፌት ግን ቀረ። ያኔ ነው «እንግዲህ እኔው እሰፋዋለሁ» ያልኩት፣ መርፌ ላይ ክር ከመሰካት በቀር ምንም ሳላውቅ።

መጀመሪያ ያስቸገረችኝ ራሷ እናቴ ናት። ሜትር ይዤ ስቀርባት «ምን ልታደርጊ ነው?» አለች። ሱሪ ልሰፋልሽ ነው አልኳት። «እኔን? በዚህ ዕድሜዬ እንደ አባትሽ ተፈሪ ሱሪ ልታስታጥቂኝ?» ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። «ሱሪ አይደለም እማዬ፣ ቢጃማ ነው» አልኳት። «ስሙን ብትለውጪው እግሩ ሁለት አይደለም እንዴ?» አለችኝ። መልስ አጣሁ። ቆይቼ እንደሰማሁት ቃሉ ራሱ ከፋርስና ከሕንድ አገር የመጣ ነው፤ «ፓይ» እግር ነው፣ «ጃማ» ልብስ ነው፣ እንግሊዞች ከሕንድ ወስደው ለመኝታ ልብስ መጠሪያ አደረጉት። የእግር ልብስ ማለት ነው እንግዲህ፤ እናቴ ሳታውቀው ልክ ነበረች። በአራተኛው ሌሊት ብርዱ ሲበረታ ግን ዝም ብላ ቆየችና «እስቲ ያንን ነገርሽን ለኪው» አለች። ስለካት ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ ነበር።

አሁን ስለ ልኩ ልንገራችሁ፣ ጀማሪ ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና። ሰው ሱሪ ሲባል ወገብ ይለካል። የቢጃማ ሱሪ ወገብ ላስቲክ ስለሆነ ዋናው እሱ አይደለም። ዋናው ዳሌና መቀመጫ ነው። ዳሌን በወፍራሙ በኩል ዙሪያውን ለኩና ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ጨምሩበት። መቀመጫን ለመለካት ሰውየዋን ጠፍጣፋ ወንበር ላይ አስቀምጡና በጎኗ በኩል ከወገቧ እስከ ወንበሩ ገጽ ለኩ፤ 2 ወይም 3 ሳንቲ ሜትር ጨምሩ። እናቴ ቀጥ ብላ መቀመጥ ስላልቻለች ክር ወስጄ ከፊት ወገቧ በእግሮቿ መካከል አሳልፌ እስከ ኋላ ወገቧ አደረስኩት፣ ከዚያ ክሩን በሜትር ለካሁ። ይህ ልክ ካነሰ ሱሪው ሰው በተቀመጠ ቁጥር ከኋላ ይወርዳል፣ ከፊት ይቆነጥጣል፣ ስፌቱም መጀመሪያ የሚቀደደው እዚያ ነው። የተገዛ ሱሪ ከኋላ ሲወርድባችሁ «ወገቤ ሰፍቶ ነው» ብላችሁ ላስቲኩን ታጠብቃላችሁ። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የመቀመጫው ማጠር ነው።

ለቅዱ ወረቀት አትግዙ። የሲሚንቶ ከረጢት የውስጡን ንጹሕ ወረቀት አራግፋችሁ ተጠቀሙ፣ እንደ እሱ የሚጸና የለም። ደህና የሚሆናችሁን አሮጌ ሱሪ አንዱን እግር በሌላው ውስጥ ከትታችሁ ወረቀቱ ላይ አንጥፉና ዙሪያውን በእርሳስ ተከተሉት። ፊትና ኋላው አንድ እንዳይመስላችሁ። የኋላው ኩርባ ጠለቅ ይላል፣ ርዝመቱም ከፊቱ 6 ሳንቲ ሜትር ያህል ይበልጣል፤ መቀመጫ ያለው ከኋላ ነዋ። ከዚያ ለስፌት ዙሪያውን 1 ሳንቲ ሜትር ተኩል፣ ለታች እጥፋት 4፣ ለላይ ላስቲክ ማስገቢያ 5 ጨምራችሁ ቁረጡ። በጎን በኩል ስፌት የማያስፈልግ ከሆነ ፊትና ኋላውን በጎናቸው አገጣጥማችሁ አንድ ቅድ አድርጓቸው፤ ያኔ ለአንድ እግር አንድ ቁራጭ ብቻ ይሆናል። ወርዱ 150 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጨርቅ ሲሆን ሁለቱ እግሮች ጎን ለጎን ስለሚገቡ ለመካከለኛ ሰው 1 ሜትር ከ20 ይበቃል። ወርዱ 90 ከሆነ ግን እጥፉ ነው፤ 2 ሜትር ከ30 ግድም ያዙ። ሻጩ በሜትር ረከሰላችሁ ብሎ ጠባቡን ሲሰጣችሁ ይህን አስቡ።

ጨርቁን በተመለከተ፣ መርካቶ ብትን ጨርቅ ስትገዙ ሁሉም «ጥጥ ነው» ይላችኋል። ከዳሩ ሁለት ሦስት ክር መዛችሁ ወደ ውጭ ወጣ በሉና በክብሪት ለኩሱት። ጥጥ እንደ ወረቀት ይነዳል፣ የሚሸተውም እንደ ወረቀት ነው፣ አመዱ በጣት ሲነካ ይበተናል። ፖሊስተር ይቀልጥና ጠንካራ ጥቁር ጠብታ ሆኖ ይቀራል። የተደባለቀ ከሆነ ሁለቱንም ያሳያችኋል። አንዳንዱ ሻጭ ይቆጣል፤ ይቆጣ። ለመኝታ ጥጥ ይሻላል፣ ላብ ይጠጣል፣ ብዙ ለሚተኛ ሰው ደግሞ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ለብርዳችን የሚስማማው ፍላኔል የሚባለው ለስላሳ ጠጉር ያወጣው የጥጥ ጨርቅ ነው።

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ላስጠንቅቃችሁ። ያ ለስላሳ ጠጉር እሳት ሲነካው በፍጥነት ይያያዛል። ፖሊስተሩ ደግሞ ቀልጦ ቆዳ ላይ ይጣበቃል። አሜሪካኖች ለልጆች የሌሊት ልብስ ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የእሳት ደንብ አውጥተውለታል። እኛ ከሰል ምድጃ አጠገብ የምንሞቅ ሰዎች ነን። ስለዚህ ለልጅና ለሽማግሌ ስትሰፉ እግሩን ከታች አታንዘርፉት፤ ቁርጭምጭሚት ላይ ጠበብ ይበል፣ መሬት አይጎተት። ይሰፋል ያልኳችሁ ዳሌው ነው።

አሁን ወደ ቀዩ ሱሪ። ማን ጋ ነው ያለው? እስቲ ከፍ አድርጊው። አያችሁ፣ አንዱ እግር ደማቅ ነው፣ አንዱ የደበዘዘ። በሽታ አይደለም። ቅዱን ጨርቁ ላይ አስቀምጬ አንዱን እግር ቆረጥኩ። ከዚያ ያንኑ ቅድ በዚያው ገጽ ከጎኑ አስቀምጬ ሁለተኛውን ቆረጥኩ። ሁለቱም ግራ እግር ሆኑ። የውስጥ እግራቸውን ለየብቻ ስሰፋ ምንም አልታወቀኝም። ሁለቱን ላገናኛቸው ስል ነው የአንዱ ፊት ከሌላው ኋላ ጋር የመጣው። ጨርቁ ፊትና ጀርባው አንድ ዓይነት ቢሆን ኖሮ አንዱን ገልብጬ እገላገል ነበር። ይሄ ግን ቀለሙ በአንድ ገጽ ብቻ የታተመ ነው። ሌላ የምገዛበት ገንዘብ ስላልነበረኝ ገለበጥኩት፤ አንዱ እግር በፊቱ፣ አንዱ በጀርባው ወጣ። እናቴ አይታ «ሌሊት ማን ያየኛል» ብላ ሁለት ክረምት ለብሳዋለች። እናንተ ግን ጨርቁን ፊቱን ወደ ውስጥ አድርጋችሁ ለሁለት እጠፉት፣ ቅዱን አንድ ጊዜ ብቻ አስቀምጡ፣ ሁለቱን ድርብ በአንድነት ቁረጡ። ያኔ አንዱ የሌላው መስተዋት ሆኖ ይወጣል። የጨርቁ ዳር ከቅዱ ቁመት ጋር ትይዩ መሆኑንም አረጋግጡ፣ አለዚያ ከታጠበ በኋላ እግሩ ይጠመዘዛል።

ስፌቱ ቀላል ስለሆነ ብዙ አልልም። የእያንዳንዱን እግር የውስጥ ስፌት ስፉ። አንዱን እግር በፊቱ ገልብጡትና ባልተገለበጠው ውስጥ ክተቱት፤ ፊት ለፊት ይተያያሉ። ኩርባውን ከፊት ወገብ እስከ ኋላ ወገብ በአንድ ትንፋሽ ስፉት፣ ከዚያ በላዩ ድገሙት። እጃችሁ ገና ካልጸና መጀመሪያ በእጅ ወስውሱት፣ አያሳፍርም። ላስቲኩ ከወገብ ልክ ከ5 እስከ 8 ሳንቲ ሜትር ይነስ፣ ለበሽተኛ ግን 3 ይበቃል። በመርፌ ቁልፍ ጎትታችሁ አስገቡት፣ ጫፎቹን 2 ሳንቲ ሜትር ደርባችሁ ስፉ፣ ከመስፋታችሁ በፊት ግን አለመጠምዘዙን እዩ። ደራርባችሁ የሰፋችሁት የላስቲክ መገናኛ ሁልጊዜ ከፊት ይሁን። ተኝቶ ለሚውል ሰው ከኋላ ማድረግ ያንን የሰልባጁን ቁልፍ መልሶ መስፋት ነው።

ሰማያዊው ሱሪ በዚያ በኩል አለ መሰለኝ። እሱ በሁለቱም ጎን ከወገብ እስከ ጉልበት ክፍት ነው፣ በጥብጣብ ይታሰራል። እናቴን ለማልበስ ዳሌዋን ማንሣት ለብቻዬ ከብዶኝ ነበር። አሁን ሥሯ አነጥፈዋለሁ፣ ወደ አንድ ጎን አዞራታለሁ፣ ወደ ሌላው አዞራታለሁ፣ ከጎን አስረዋለሁ፣ አለቀ። መጀመሪያ በጫማ ላይ የምታዩትን ካርካራ ማጣበቂያ ሞክሬ ነበር። ብርድ ልብሱን ያዘ፣ ጠጉሩን ነቀለ፣ ቆዳዋንም ጫረው። ጥብጣብ ይሻላል፣ ቋጠሮው ግን ከጎን አጥንቷ ወደ ፊት ይምጣ። የኋላ ኪስ የለውም። የውስጥ ስፌቱን ከፍቼ በካውያ አስተኝቼዋለሁ፤ በእጃችሁ ዳስሱት፣ ምንም አይቆረቁርም።

ይህን ጎረቤት አየ። አንዲት እናት ለባሏ አዘዘችኝ። አንዲት በቀዶ ሕክምና የወለደች አራስ ላስቲክ ቁስሏ ላይ እያረፈ አስቸግሯት መጣች፤ ወገቡን ከእምብርት በላይ አድርጌ ሰፋሁላት። እንዲህ እንዲህ እያለ የማኅበሩን ተዘዋዋሪ ብድር ወሰድኩና መኪና ገዛሁ። አምስት ሆነን እርስ በርስ ዋስ ነበርን።

ከዚህ ቀጥሎ ያለውን መናገር ይከብደኛል፤ ዋሶቼ ከፊቴ ተቀምጠዋል።

አንድ ሱቅ 40 የሴት ቢጃማ ሱሪ አዘዘኝ። እያንዳንዱን በ300 ብር ይረከበኛል። ሒሳብ ሠራሁ። ጨርቁ 180፣ ላስቲኩ 15፣ ክሩ 8፣ መርካቶ ደርሶ መልሱና ማስጫኛው ለአንዱ 22 ያህል ደረሰ። 225 ወጪ፣ 75 ትርፍ። በ40 ሲባዛ 3,000 ብር! ለዋሶቼ ቡና አፍልቼ ነገርኳቸው። ያን ጊዜ አንዱን ሱሪ ቆርጬ፣ ሰፍቼ፣ ተኩሼ፣ ክሩን ለቅሜ ለመጨረስ 3 ሰዓት ይፈጅብኝ ነበር። 40 ሱሪ 120 ሰዓት ነው። ሰዓቴ በ25 ብር ሄደ ማለት ነው፤ በእሱ ላይ መርፌው፣ የመኪናው ዘይት፣ እናቴን የምትጠብቅልኝ ልጅ ምሳ አልገቡም። ይህን ሁሉ አልቆጠርኩም። እኛ ሴቶች የራሳችንን ጉልበት በነጻ እንደሚፈስ ውሃ ነው የምናየው። እናቴን ሳገላብጥ ማን ሰዓት ይዞብኝ ያውቃል?

ሱቁ ደግሞ «በአሥር ቀን አድርሺ» አለ። ሱሪ በአንገት አውልቅ ነው የሆነብኝ። ጊዜ ለመቆጠብ ብዬ ጨርቁን ሳላጥብ ቆረጥኩ። ለእናቴ ስሰፋ ሁልጊዜ አጥቤ፣ አድርቄ፣ ተኩሼ ነበር የምቆርጠው። የዚያኛው ጨርቅ አንድ ሜትሩ ሲታጠብ 5 ሳንቲ ሜትር አጠረ፤ ይህን ያወቅሁት ግን ገዢዎቹ ካጠቡት በኋላ ነው። 14 ሱሪ ተመለሰ። የ14ቱን ገንዘብ፣ 4,200 ብር መለስኩ። 3,000 አተርፋለሁ ያልኩት ሴት 1,200 ከስሬ፣ 120 ሰዓቴንም በላዩ ሰጥቼ ወጣሁ። የሁለት ወር ክፍያ አቃተኝ። ዋሶቼ ከፈሉልኝ። አንዷ የከፈለችው ለልጇ የትምህርት ቤት ልብስ ያስቀመጠችውን ነው፤ ልጁ መስከረምን በአሮጌው ልብስ ጀመረ። መልሼላታለሁ፤ ልጁ ግን ያን መስከረም በአሮጌው ነው የሄደው። እሷ አንድ ቀን እንኳ አላነሣችብኝም። እኔ አልረሳሁትም።

ስለዚህ መኪና የምትረከቡ እኅቶቼ፣ ከዛሬ ጀምሮ ደብተር ያዙ። ጨርቅና ክር ብቻ አትጻፉበት። የቆረጣችሁበትን፣ የተኮሳችሁበትን፣ ገበያ የሄዳችሁበትን ሰዓት ጻፉ። ያንን ሰዓት በአካባቢያችሁ የቀን ሥራ በሚከፈለው ልክ አስሉት። ለመኪናው ጥገናም ጥቂት አክሉበት። የወጣው ዋጋ ሱቅ ከሚረከባችሁ ከበለጠ አትውሰዱት። እኔ ዛሬ በተለማመደ እጅ አንድ ተራ ሱሪ ከአንድ ሰዓት ተኩል ባነሰ ጊዜ እጨርሳለሁ፤ እንደዚያም ሆኖ ከውጭ ተጭኖ ከሚመጣው ጋር በዋጋ አልወዳደርም። አልችልማ። እሱን ሺህ እየደረደሩ በአንድ ጊዜ ነው የሚቆርጡት። ግን ያ ፋብሪካ የኔን እናት አያውቃትም። ሰማያዊውን ሱሪ የትኛውም ሱቅ ገብታችሁ አታገኙትም። በሽተኛ የሚያገላብጥ፣ የቀዶ ሕክምና ቁስል ያለበት፣ ዳሌው ከተለመደው ልክ የሚሰፋ፣ አንድ እግሩ የሚያጥር ሰው በየሰፈራችን አለ፤ የእነሱን ልክ የሚወስድ ሰው ነው የሌለው። የተመለሱትን 14 ሱሪዎችም አልጣልኳቸውም። ጎናቸውን ፈትቼ ጥብጣብ አበጀሁላቸው፣ ያጠረውን እግር ከታች በሌላ ጨርቅ ቀጠልኩት፣ ለበሽተኛ አስታማሚዎች አንድ በአንድ ሸጥኳቸው። ዕዳዬ የተዘጋው በእነሱ ነው።

ለደጋፊዎቻችንም አንድ ሁለት ቃል፣ እንግዳ ፊት ይህን ማለት ነውር ካልሆነብኝ። መኪና ሰጥታችሁናል፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። ባለፈው ዙር የመጡት ግን በመብራት ብቻ የሚሠሩ ነበሩ። መብራት ሲጠፋ እኔ በእግሬ እየረገጥኩ ስሰፋ፣ አዲሱን መኪና የተረከቡት እኅቶቼ እጃቸውን አጣጥፈው ይቀመጣሉ። ደግሞ ለ15 ሴት የመጣው መቀስ አራት ነበር፣ እነሱም ወረቀት ሲቆርጡበት ዶለዶሙ። የደነዘዘ መቀስ ፍላኔልን ያኝከዋል እንጂ አይቆርጠውም፤ ሁለት ድርብ ስትቆርጡ የታችኛው ይሸሻል፣ አንዱ እግር ከሌላው ይጠባል። ካውያ ጨርሶ አልመጣም። የከሰል ካውያ ቢሆን እንኳ ይበቃን ነበር። ከመኪናዎቹ አንዱን ቀንሳችሁ በዋጋው መቀስና ካውያ ብትገዙልን እኛ አንቀየምም። ሥልጠናውም ባለቀ ማግሥት ምስክር ወረቀት ይዘን ፎቶ ከምንነሣ፣ ከሦስት ወር በኋላ መጥታችሁ ደብተራችንን ብታዩ እወዳለሁ።

የፊታችን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እዚሁ እጠብቃችኋለሁ። የምታውቁትን የአንድ ሰው ልክ ወስዳችሁ ኑ፤ የራሳችሁን አይደለም፣ የሌላ ሰው። አሮጌ ሱሪና አንድ የሲሚንቶ ከረጢት ያዙ። ጨርቁን ዓርብ አጥባችሁ አስጡት፤ ሳይታጠብ ይዛችሁ ከመጣችሁ አልቆርጥላችሁም፣ ከአሁኑ ተናግሬያለሁ።

እናቴ ዛሬ እዚህ እንደምናገር ሰምታ «ሱሪ አለብሰችኝ ብለሽ ስሜን እንዳታነሺ» ብላኛለች። ስሟን አላነሣሁም። ይልቅ ባለፈው ሳምንት ሌላ ትእዛዝ ሰጥታኛለች፤ በሚሠራው እጇ በኩል፣ ከፊት፣ መቁጠሪያዋን የምታስገባበት ኪስ ትፈልጋለች። ኪሱን ቆርጫለሁ፣ ገና አልሰፋሁትም። ስለዚህ ሱሪዎቹን አይታችሁ ስትጨርሱ መልሱልኝ። ቀዩንና ሦስተኛውን ቆየት አድርጋችሁ ብታዩአቸው ግድ የለም፤ ሰማያዊው ግን ዛሬ ማታ ይለበሳል።